ከኪቦርዱ ጀርባ ለቆማችሁ ልጆች

ልጆች፣

ከ30 ዓመት በላይ በሮክ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ተጫውቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጣት ፍጥነት አይደለም። መድረክ ላይ ስለ መታየት ነው።

ወጣት ሳለሁ አንድ ምሽት ሥራችንን ጨርሰን ሽቦ ስንጠቀልል አንዲት ልጅ መጣች። ጊታሪስታችንን አመስግና ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ድምፁን ነው የምትቆጣጠረው?» አለችኝ። በዚያ ምሽት ሁለት ሶሎ፣ ማለትም መሣሪያዬ ብቻውን ጎልቶ የሚሰማባቸው ሁለት ክፍሎች፣ ተጫውቼ ነበር፤ ሁለቱም ተሳክተውልኛል። ግን ጥግ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ ነበር የተጫወትኩት። ልጅቷ ምን ታድርግ? ሶሎውን ሰምታዋለች፤ ከማን እጅ እንደወጣ ግን አላየችም።

ጊታሪስት መሣሪያውን አንግቶ ወደፈለገበት ይሄዳል። የእኛ ተተክሎ ይቀራል። ከፊት ለፊት ደግሞ የሚታየው የኪቦርዱ ጀርባና ሽቦው ብቻ ነው። ስለዚህ ከአቀማመጡ ጀምሩ። ኪቦርዱን ሰያፍ አድርጋችሁ አዙሩት። ያኔ ጣቶቻችሁ ይታያሉ፤ አንገታችሁን ትንሽ ስታዞሩ ከሕዝቡም ከድራመሩም ጋር ትተያያላችሁ። ሁለት ኪቦርድ የምትደርቡ ከሆነ የላይኛው ፊታችሁን እንዳይጋርድ። ላፕቶፕ ወደ ጎን ዝቅ ይበል። ወረቀት ግን መድረክ ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ፤ የሚያነብ ሰው ቀና አይልም።

ታላላቆቻችን ለዚህ ችግር የየራሳቸውን መላ ፈልገዋል። የሮክ ኤንድ ሮል ፒያኒስቱ ጄሪ ሊ ሉዊስ ወንበሩን በእግሩ ገፍትሮ ቆሞ ፒያኖውን ይመታ ነበር። የሮክ ኪቦርዲስቱ ኪት ኤመርሰን ሃሞንድ በሚባለው ኤሌክትሪክ ኦርጋኑ ቁልፎች መካከል ቢላ ይሰካ ነበር። ብዙ ሰው ለጉድ ያደረገው ይመስለዋል። ቢላው ግን ሥራ ነበረው፦ ቁልፎቹን ተጭኖ ይይዝለትና ድምፁ ሳይቋረጥ እሱ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። የሮክ ባንዱ የዲፕ ፐርፕል ኦርጋን ተጫዋች ጆን ሎርድ ደግሞ ኦርጋኑን በጊታር ማጉያ አሳልፎ ከጊታሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ እንዲገጥም አደረገው። እሱንም መታየት ነው የምለው። ቢላውን አትቅዱ፤ ምክንያቱን ቅዱ። እንቅስቃሴያችሁ ከሙዚቃው ይውጣ። ሕዝብ ማስመሰልን ቶሎ ያውቃል።

አንገት ላይ ስለሚንጠለጠለው ኪቦርድ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ለአንድ ሁለት ዘፈን ደስ ይላል። ግራ እጃችሁ እጀታውን ስለሚይዝ ግን የምትጫወቱት በአንድ እጅ ነው። ሙሉ ምሽት አይበቃችሁም።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱበት ቦታ ላይ ልድረስ። ዘፈኑ ያልቃል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ጓደኞቻችሁ ቀና ብለው ምስጋናውን ይቀበላሉ። ኪቦርዲስቱ ግን አጎንብሶ የሚቀጥለውን ዘፈን ድምፅ ይፈልጋል። ልጆች፣ ያ ጭብጨባ የእናንተም ነው! ድምፆቻችሁን በዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ቀድማችሁ አሰናዱ፤ በአንድ ንክኪ የሚቀየሩ ይሁኑ። ልምምድ ላይ ደግሞ ክፍሉን አጨልሙና ተጫወቱ። ጣታችሁ መንገዱን ካወቀ ዓይናችሁ ነፃ ይወጣል።

የማትጫወቱበት ጊዜም አለ። ኪቦርድ በየዘፈኑ ሙሉ ሰዓት አያስፈልግም። ያኔ እጃችሁን አታጣጥፉ፣ ስልካችሁንም አትንኩ። ሶሎ የያዘውን ጓደኛችሁን እዩት። ሕዝቡ እናንተ የምታዩትን ነው የሚያየው። ረጅም ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) በአንድ እጅ ስትይዙ ሌላው እጃችሁ ነፃ ነው፤ ከፍ አድርጉት። ከፊት የቆሙት ይመልሱላችኋል። ይህን ሳየው ዛሬም ልቤ ይሞቃል።

ስታንዳችሁ የሚወዛወዝ ከሆነ ቀይሩት። ኪቦርዱ ይወድቅብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው በሙሉ ክንዱ አይመታም። ፔዳሉን ወለሉ ላይ በቴፕ አጣብቁት። እኔ በዝግታ ዘፈን መሃል ፔዳሌ ተንሸራቶ በእግሬ ስፈልገው የዘፋኙን መግቢያ አበላሽቻለሁ።

የመጨረሻውን ኮርድ ስትመቱ ደግሞ እጃችሁን ቶሎ አታንሱ። ድምፁ እስኪጠፋ ቁልፉ ላይ ይቆይ። እስከዚያው ቀና በሉና ከፊት ረድፍ አንዱን ሰው እዩት።