ሒሳብን በዩኒቨርሲቲ ለምትጀምሩ ወጣቶች

ውድ ተማሪዎች፣

ሒሳብን ዋና ትምህርታችሁ አድርጋችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትገቡት አብዛኞቻችሁ፣ እስካሁን በዚህ ትምህርት ከክፍላችሁ ቀዳሚ የነበራችሁ ናችሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ሳስተምር እንዳየሁት፣ ጎበዝ ሲባል የኖረ ተማሪ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የሚደናገጠው ችሎታው ከድቶት ሳይሆን የሚጠየቀው ነገር በመለወጡ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ስለሌለ ግን ችግሩን ከራሱ ላይ ይፈልገዋል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም «ለካ ሒሳብ አልችልም ነበር» ብሎ ይደመድማል። በዚህ ድምዳሜ ምክንያት ትምህርቱን የተዉ፣ ቢቆዩ ኖሮ መልካም የሒሳብ ሰዎች ይወጣቸው የነበሩ ወጣቶችን አይቻለሁና ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከልቤ ነው።

እስካሁን ጥያቄ ሲቀርብላችሁ የምትፈልጉት መልስ ነበር፤ ቀመሩን ትመርጣላችሁ፣ ቁጥሮቹን ትተካላችሁ፣ ውጤቱ ከመጽሐፉ መጨረሻ ካለው መልስ ጋር ከተስማማ ሥራው አበቃ። ከእንግዲህ ግን ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ተጽፎ ይሰጣችኋል። «ይህ እውነት መሆኑን አረጋግጡ» ትባላላችሁ፤ ከእናንተ የሚጠበቀውም ምክንያቱን ማንም አንባቢ ሊያፈርሰው በማይችል ሁኔታ ማስቀመጥ ነው።

በብዙ ምሳሌ ትክክል ሆኖ የተገኘን ነገር ለምን ዳግመኛ ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ ትጠይቁ ይሆናል። አንድ ቁጥር ውሰዱ፣ በራሱ አባዙት፣ ከውጤቱ ላይ ያንኑ ቁጥር ቀንሱ፣ 41 ደምሩበት። ከ1 ብትጀምሩ 41፣ ከ2 43፣ ከ3 47፣ ከ4 53 ታገኛላችሁ፤ ሁሉም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ያመለከተው ይህ ስሌት እስከ 40 ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይስት ብቸኛ ቁጥር ይሰጣል። በ41 ላይ ግን 1681 ይወጣል፤ እርሱም 41 በ41 ሲባዛ የሚገኘው ነው። አርባ ጊዜ በተከታታይ የሠራ ነገር በአርባ አንደኛው ላይ ፈረሰ ማለት ነው።

በአንጻሩ እውነተኛ ምክንያት ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ፣ አንድ ሁለተኛ፣ አንድ ሦስተኛ፣ አንድ አራተኛ እያላችሁ ያለማቋረጥ ደምሩ። የሚደመሩት ክፍልፋዮች እያነሱ ወደ ዜሮ ስለሚጠጉ ድምሩ አንድ ቦታ ላይ የሚገታ ይመስላል፤ እድገቱም እጅግ አዝጋሚ ከመሆኑ የተነሣ 10ን ለማለፍ 12,367 ቁጥሮች መደመር አለባቸው። ነገር ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ሊቅ ኒኮል ኦሬም እንዳሳየው፣ አንድ ሦስተኛ ከአንድ አራተኛ ስለሚበልጥ የሁለቱ ድምር ከግማሽ ይበልጣል። ቀጥለው ያሉት አራቱ፣ ማለትም ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ ስምንተኛ ያሉት፣ እንደዚሁ ከግማሽ ይበልጣሉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ያሉት ስምንቱም፣ ከዚያም ዐሥራ ስድስቱ እንዲሁ። በግማሽ ላይ ግማሽ ሳይቋረጥ ከተጨመረበት ድምሩ የማያልፈው ቁጥር አይኖርም። ይህን ለማመን ኮምፒውተርም ሆነ የመምህር ምስክርነት አያስፈልጋችሁም። እኔን በዚህ ሙያ ያቆየኝ፣ ዛሬም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ አጭርና ግልጽ በሆነ ሐሳብ ማለቂያ የሌለውን ነገር መጨበጥ ይቻላል።

አሁን ከሁሉም ይልቅ አጥብቄ ወደምመክራችሁ ነገር ልምጣ፤ እርሱም ብያኔን፣ ማለትም የአንድን ቃል ትርጉም በትክክል የሚወስነውን ዐረፍተ ነገር፣ የማንበብ ልማድ ነው። ማረጋገጫ መሥራት አቃተኝ ብሎ የሚመጣን ተማሪ መጀመሪያ የምጠይቀው በጥያቄው ውስጥ ያሉት ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያው ይገኛል። ብያኔ በግምት የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ አንዲት ቃል ቦታዋን ስትለቅ እውነት የነበረው ሐሰት ይሆናል። «ለእያንዳንዱ ቁጥር ከእርሱ የሚበልጥ ቁጥር አለ» የሚለው እውነት ነው። «ከእያንዳንዱ ቁጥር የሚበልጥ አንድ ቁጥር አለ» የሚለው ግን ሐሰት ነው፤ ምክንያቱም ያ ቁጥር ከራሱም ሊበልጥ ነው። ለውጥን በሚያጠናው የሒሳብ ክፍል በካልኩለስ የምታገኙት የሊሚት (አንድ ስሌት እየተጠጋው የሚሄድ ዋጋ) ብያኔ፣ ኤፕሲሎንና ዴልታ የተባሉት ፊደላት ያሉበት፣ የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መጀመሪያ ኤፕሲሎን (ውጤቱ ለሊሚቱ ምን ያህል መቅረብ እንዳለበት የሚወስነው ቁጥር) ይሰጣችኋል፣ ከዚያ በኋላ ለእርሱ የሚስማማ ዴልታ (ለዚያ መነሻው ቁጥር ምን ያህል መቅረብ እንዳለበት የሚወስነው) ትፈልጋላችሁ፣ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ብያኔ በአንድ ሳምንት ካልገባችሁ አትሸበሩ። ኒውተንና ላይብኒትስ ካልኩለስን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ካስጀመሩ በኋላ፣ ኦጉስታን ሉዊ ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1821 ባሳተመው መጽሐፍ ሊሚትን የትምህርቱ መሠረት እስኪያደርግ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ዛሬ የምትማሩት አጻጻፍም የተስተካከለው ከዚያ በኋላ በካርል ቫየርሽትራስ ነው። ኮሺ ራሱ በዚያው መጽሐፍ፣ ቀጣይነት ያላቸው (ግራፋቸው ሳይቆረጥ የሚሄድ) ፈንክሽኖች ማብቂያ በሌለው ድምር ተደምረው ውጤት ካላቸው ውጤቱም ቀጣይነት ይኖረዋል ብሎ ጽፎ ነበር፤ ወጣቱ ኒልስ ሄንሪክ አቤል እ.ኤ.አ. በ1826 ይህ የማይሠራበት ምሳሌ እንዳለ አሳየ። ከዚህም የተነሣ ተከታዮቹ የሒሳብ ሰዎች ብያኔውን ይበልጥ አጥርተው ለመጻፍ ተገደዱ። እናንተም አዲስ ብያኔ ባገኛችሁ ቁጥር የሚያሟላውን አንድ ምሳሌና ለጥቂት የማያሟላውን ሌላ ምሳሌ በእጃችሁ ጻፉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

የሒሳብ መጽሐፍ እንደ ታሪክ መጽሐፍ አይነበብም። አንድ ገጽ አንድ ሰዓት ቢወስድባችሁ ፍጥነታችሁ ደህና ነው። ብዕርና ወረቀት ይዛችሁ፣ ማረጋገጫውን በወረቀት ሸፍናችሁ መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ፤ ሲያቅታችሁ አንድ መስመር ብቻ ገልጣችሁ እንደገና ሞክሩ። አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ከቲዎረሙ (ከተረጋገጠው አባባል) ቅድመ ሁኔታዎች አንዱን አውጡና ማረጋገጫው የቱ መስመር ላይ እንደሚሰበር ፈልጉ። በማግስቱ ደግሞ መጽሐፉን ሳትከፍቱ ሙሉውን ጻፉት።

የቤት ሥራን ከጓደኞች ጋር መወያየት መልካም ነው፤ የመጨረሻውን ጽሑፍ ግን ለብቻችሁ ጻፉ። ከኢንተርኔት የተገኘ መፍትሔ ስታነቡት የገባችሁ ይመስላል፤ ፈተና ላይ ግን የሚቀርላችሁ የታገላችሁበት ብቻ ነው። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ሰዓት ሠርታችሁ ምንም ሳታገኙ ብትቀሩ ያ ጊዜ አልባከነም፤ የማያስኬዱትን መንገዶች ለይታችኋልና መፍትሔውን ስታዩ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ይገባችኋል።

ወደ መምህራችሁ ለመሄድ አትፈሩ፤ ስትሄዱም «ምዕራፉ በሙሉ አልገባኝም» አትበሉ። የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛችሁ፣ የጠፋባችሁን ቦታ አስምራችሁ፣ «እስከ ሦስተኛው መስመር ተከትያለሁ፤ አራተኛው ከሦስተኛው እንዴት እንደመጣ ግን አልታየኝም» በሉት። ይህን ያህል ለይቶ ለሚጠይቅ ተማሪ መምህሩ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ እናንተም ያን መስመር ስትፈልጉ ጥያቄውን በግማሽ ፈታችሁት ማለት ነው።