በመኪና ድንበር ለምትሻገሩ፦ ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ (ጥያቄና መልስ)

ጋሽ ታዬ፦ በእነዚህ አገሮች የጉብኝት አውቶቡስ እነዳለሁ። ለዕረፍቱ ድንበር የምትሻገሩ ጠይቁኝ። አገሩን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ሰላም፦ ጋሼ፣ ከሽቱትጋርት ዙሪክ አክስቴ ጋ ለሁለት ቀን ነው የምሄደው። ቪኜት (በአውቶባን፣ ማለትም በፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ለመንዳት የሚገዛው የክፍያ ማረጋገጫ) የግድ ነው?

ጋሽ ታዬ፦ በአውቶባን ከሄድሽ የግድ ነው የኔ ልጅ። ስዊዞች የሁለት ቀን የሚባል የላቸውም። ያለው የዓመት ብቻ ነው፣ 40 ፍራንክ። ደግነቱ 14 ወር ያገለግላል፤ ለምሳሌ የ2025ቱ የሚሠራው ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2026 ነበር። ከ2023 ወዲህ በኢንተርኔትም ይገዛል፣ በታርጋ ይመዘገባል። ተለጣፊውን ከገዛሽ መስታወቱ ላይ በራሱ ሙጫ ለጥፊው። ሌላ መኪና ላይ ላዙረው ብሎ በፕላስተር የሚያያይዝ አለ። ያ እንዳልገዛ ነው የሚቆጠረው፤ 200 ፍራንክ ይቀጣል፣ ቪኜቱንም እንደገና ይገዛል። ኦስትሪያ ይሻላል፤ የአንድ ቀን፣ የ10 ቀን፣ የሁለት ወር አለ። ብቻ ከድንበሩ በፊት ግዙ!

ዳዊት፦ አውቶባን ላይ ፍጥነት ስንት ነው?

ጋሽ ታዬ፦ የት አገር? ስዊዝ 120፣ ኦስትሪያ 130። ጀርመን ምልክት ከሌለ ገደብ የለም፣ 130 ምክር ነው።

ዮናስ፦ ስዊዝ 140 ብነዳ ማን ያየኛል? ራዳር የሚጠቁም አፕ አለኝ።

ሄለን፦ መንገዱ ላይ ልጆች የጫነ ሰው እኮ አለ።

ዮናስ፦ ጀርመን በ200 ስነዳ ምን ሆንኩ?

ሄለን፦ እስካሁን!

ጋሽ ታዬ፦ በቃ፣ ተዉት። ዮናስ፣ አፑ ስዊዝ ክልክል ነው። ጀርመንም ሹፌር እየነዳ እንዲጠቀምበት አይፈቀድም። ስዊዝ በ50 መንገድ 100 የነዳ ፍርድ ቤት ይቆማል፣ መኪናውም ሊወረስ ይችላል።

ብርቱካን፦ የክረምት ጎማስ?

ጋሽ ታዬ፦ ኦስትሪያ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 መንገዱ በረዶ ከያዘ ግዴታ ነው። ጀርመን ቀን አልቆረጠችም፣ የመንገዱን ሁኔታ ነው የምታየው። ስዊዝ ግዴታ ባይሆንም በበጋ ጎማ ተንሸራተህ ብትጋጭ ጥፋቱ ባንተ ይዞራል።

አቤል፦ በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መንዳት ይቻላል?

ጋሽ ታዬ፦ ኑሮህን እዚያ ካደረግህ ጀርመን 6 ወር፣ ስዊዝ 12 ወር። ሌላውን መንጃ ፈቃድ ቢሮ ጠይቅ።

ኪዳኔ፦ ለአንድ ቀን ብቻ ስዊዝ ብገባስ፣ ቪኜት...

ጋሽ ታዬ፦ ኧረ ኪዳኔ! ከላይ አንብብ።

ማርታ፦ የኦስትሪያውን ገዝቻለሁ፤ በብሬነር (በተራራው የድንበር መተላለፊያ) ጣሊያን ልገባ ነው። ይበቃኛል?

ጋሽ ታዬ፦ ይኸውልሽ፣ ጥሩ ጥያቄ። አይበቃሽም። የብሬነር አውቶባን ለብቻው ይከፈላል። ጣሊያን ደግሞ ቪኜት የለም፤ መግቢያው ላይ ቲኬት ትወስጃለሽ፣ መውጫው ላይ ትከፍያለሽ። ቲኬቱን እንዳትጥይው።