ቫዮሊንና ኮድ በአንድ ሰው እጅ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቫዮሊን እጫወታለሁ፤ ለቫዮሊንና ለማሲንቆ የሚሆኑ አጫጭር ድርሰቶችንም እጽፋለሁ። መተዳደሪያዬ ግን የሶፍትዌር ምህንድስና ነው። ቤተሰቦቼ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እያሉ አንዱን እንድመርጥ ይመክሩኛል። ሁለቱን ሙያዎች በእኩል ክብር ይዞ የሚሠራ ሰው አለ? ካለስ እንዴት ሆኖለት?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ አሉ። ከእነርሱም መካከል ለእርስዎ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርቡት አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲና ቫዮሊን ተጫዋች ዳን ትሩማን ይመስሉናል። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ፕሮፌሰር የሆኑት ትሩማን ሃርዳንገር የሚባለውንም የኖርዌይ ባህላዊ ቫዮሊን ይጫወታሉ። ይህ መሣሪያ ቀስት ከሚነካቸው ክሮች ሥር ቀስት የማይደርስባቸው ሌሎች ክሮች ስላሉት፣ የላይኞቹ ሲጮኹ የታችኞቹ በራሳቸው እየተርገበገቡ ያጅቧቸዋል።

የትሩማን የሶፍትዌር ሥራ የሚነሣው ከዚሁ ከቫዮሊኑ ነው። ቫዮሊን ድምፁን በዙሪያው ሁሉ ሲበትን፣ የተለመደው ድምፅ ማጉያ ግን በአመዛኙ ወደ ፊት ለፊት ብቻ ይልካል፤ ስለዚህ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ከቫዮሊን ጎን ሲቆም ባዕድ ሆኖ ይሰማል። ትሩማን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ከፔሪ ኩክ ጋር ሆነው፣ 12 ድምፅ ማጉያዎች በሉል ቅርፅ የተገጠሙለትንና የቀስቱን እንቅስቃሴ በሴንሰር የሚለካ፣ የራሱ ክር ግን የሌለው መሣሪያ ሠሩ። ክንዱ የቫዮሊን ተጫዋች ክንድ ሆኖ ይቀራል፤ ቀስቱ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያስነሣ የሚወስነው ግን የተጻፈው ፕሮግራም ነው። ሁለቱ ሰዎች በ2005 (እ.ኤ.አ.) የመሠረቱት የፕሪንስተን ላፕቶፕ ኦርኬስትራም ይህንኑ ሐሳብ ለተማሪዎች አደረሰ፦ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ማጉያ ከአጠገቡ አድርጎ ስለሚቀመጥ፣ ድምፁ ከመድረክ ጥግ ሳይሆን ከተቀመጠበት ቦታ ይነሣል።

ለቤተሰብዎ ምክር የምንሰጠው ምላሽም ከዚህ የሚወጣ ነው። ቀን ኮድ ጽፎ ማታ ቫዮሊን የሚያነሣ ሰው በእርግጥ ሁለት ዛፍ ላይ ነው፤ ሁለቱም የሚያደክሙት ለዚህ ነው። ቫዮሊኑ ያነሣውን ጥያቄ በኮድ የሚመልስ ሰው ግን ሥራው አንድ ነው። ለምሳሌ ኮምፒውተር በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁን ቅጽበታዊ ልኬት) እየወሰደ ድምፅን ሲያስተናግድ፣ 1,024 ናሙና እስኪጠራቀም ከጠበቀ ከ23 ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገያል፤ 256 ከሆነ ግን መዘግየቱ ወደ 6 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ለብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህ የቁጥር ጉዳይ ነው። እርስዎ ግን ልዩነቱን በጣትዎና በቀስትዎ መካከል ይሰሙታል፤ በዚህ ረገድ ጆሮዎ ከማንኛውም መለኪያ ቀድሞ ይፈርዳል።

ጥምረቱ አዲስ አይደለም። በ1957 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላቦራቶሪ ኮምፒውተር ሙዚቃ እንዲያሰማ ያስቻለውን ፕሮግራም የጻፉት ኢንጂነር ማክስ ማቲውስ ራሳቸው ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር፤ በኋላም ኤሌክትሮኒክ ቫዮሊኖችን ሠርተዋል።

አንድ ነገር ግን በአጽንዖት ልናሳስብዎ እንወዳለን፦ ኮድ የልምምድን ቦታ አይተካም። በጃፓን ተወልደው በአሜሪካ የሚሠሩት ቫዮሊኒስትና ደራሲ ማሪ ኪሙራ የእጅን እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር ሠርተው ከድርሰቶቻቸው ጋር አዋህደዋል። ሆኖም ስማቸውን ካስጠሩት ግኝቶች አንዱ ኮምፒውተር ጨርሶ አልነካውም፤ ይኸውም በሰከንድ 196 ጊዜ ከሚርገበገበው (196 ኸርዝ) ከቫዮሊን የመጨረሻ ወፍራም ክር በታች ያሉ ድምፆችን፣ ክሩን ሳያላሉ፣ በቀስት አያያዝ ብቻ የማውጣት ስልት ነው። እንዲህ ያለው ነገር የሚገኘው ለዓመታት በትዕግሥት ከተለማመደ ክንድ ነው። የቢሮ ሥራዎ የልምምድ ሰዓትዎን እየበላው ከሆነ መጀመሪያ የሚያስቀድሙት ሰዓቱን ማስመለስ ይሁን።

ማሲንቆን ስላነሡ፣ ሥራ የሚጀምሩበትን አንድ ቦታ ልናመለክትዎ እንወዳለን። ትሩማን የጻፉት ቢትክላቪየር የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ማለትም ዲጂታል ፒያኖ፣ የእያንዳንዱን ቁልፍ ቅኝት እንደ ተጫዋቹ ፍላጎት ለማስተካከል ያስችላል። የተለመደው ኪቦርድ ኦክታቭን (ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፉ ያለውን ርቀት) 12 እኩል ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን 100 ሴንት ያደርገዋል፤ ሴንት በድምፆች መካከል ያለ ርቀት መለኪያ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በኪቦርድ ሲቀረጹም ወደዚሁ እኩል ክፍፍል ይጎተታሉ። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን ክሩን በአየር ላይ ስለሚይዘው እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም፤ የቫዮሊን ጣትም እንደዚሁ ነፃ ነው። ስለዚህ በቅርብ የሚያውቋቸውን ማሲንቆ ተጫዋቾች አስፈቅደው ይቅረጹ፤ የአንቺሆዬን አምስት ድምፆች በሴንት ለክተው ከተጫዋች ተጫዋች ምን ያህል እንደሚለያዩ ይመዝግቡ፤ ከዚያም ያንን ቅኝት የሚያሰማ አነስተኛ ፕሮግራም ጽፈው በቫዮሊንዎ አብረውት ይጫወቱ። ሥራው መለካትንም ኮድ መጻፍንም የሠለጠነ ጆሮንም በአንድነት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ሦስቱንም የያዘ ሰው ቢጀምረው እጅግ ደስ ይለናል። የቀረጹትንና የለኩትን ቢልኩልን በዚሁ አምድ ለአንባቢያን እናቀርበዋለን።