ጋደም ብሎ ብስክሌት መንዳት፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ለገጣፎ አካባቢ በዚህ ብስክሌት መመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ ይጠይቁኛል። ዛሬ ጊዜ ወስጄ ለመመለስ ቃል ስለገባሁ፣ የደረሱኝን ጥያቄዎች እየጠቀስኩ እመልሳለሁ። ነጂው ጀርባውን ተደግፎ፣ ፔዳሉን ከፊቱ አድርጎ የሚነዳውን ይህን ዓይነት ብስክሌት ለአጠራር እንዲመች «የጋደም ብስክሌት» እለዋለሁ።

ጥያቄ፦ ወገቤን ስለሚያመኝ ተራውን ብስክሌት ትቻለሁ። ይህኛው ይስማማኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሕመሙን ምክንያት ሐኪም ሳይነግርዎት እንዲገዙ አልመክርዎትም። ተራው ብስክሌት ክብደትዎን በጠባብ ኮርቻና በእጅ አንጓዎችዎ ላይ ሲጥል፣ ይህኛው ከትከሻ እስከ ዳሌ ባለው ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፈው፣ አጎንብሶ መንዳት የሚያሠቃያቸው ብዙ ሰዎች እፎይታ ያገኙበታል። ሆኖም አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፤ የቀሩት መልሶቼም ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። ተራ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጉድጓድ ሲያይ ከኮርቻው ብድግ ይላል፣ ዳገት ሲጠናበት ቆሞ ይረግጣል፣ ከኋላው ድምፅ ሲሰማ ዞር ብሎ ያያል። በጋደም ብስክሌት ላይ ብድግ ማለትም ሆነ መቆም አይቻልም፤ ዞሮ ማየትም እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ቀድሞ ሰውነት ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ዕቃው እንዲሠራው አድርጎ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ለእርስዎ ወገብ ይህ ማለት፣ በኮብልስቶን ላይ ንዝረቱን የሚውጥ ሰፋ ያለ ጎማ፣ ከላሜራ ይልቅም ተወጥሮ የታሰረ የሸራ መቀመጫ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ጎማ ይሻላል ወይስ ሦስት ጎማ?

መልስ፦ ሚዛን መጠበቅ ለሚያስቸግረው ሰው፣ እንዲሁም ዳገት ለሚበዛበት ሰፈር፣ ሦስት ጎማውን እመርጣለሁ፤ የቱንም ያህል በዝግታ ቢሄዱ በጎን አይወድቅምና። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ግን ሦስት ጎማውን በደረጃ ማውጣት እንደማይሆንለት አስቀድሞ ያስብ።

ጥያቄ፦ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ያለውን ዳገት በዚህ መውጣት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ የሚወስነው ግን ማርሹ ነው። የኋላው ጎማ ባለ 26 ኢንች ቢሆን፣ ከፊት 42 ከኋላ 28 ጥርስ ሲይዙ ፔዳሉ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ከ3 ሜትር በላይ ይገፋሉ፤ ቆሞ መርገጥ በሌለበት ይህ ጉልበትን ይጨርሳል። ከፊት 22 ከኋላ 34 ሲሆን ግን አንዱ ዙር 1.3 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያስኬድ፣ በደቂቃ 60 ጊዜ እያዞሩ በሰዓት ወደ 5 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት፣ ማለትም በእግረኛ እርምጃ፣ ሳይጨነቁ ይወጣሉ። ጀርባን በመደገፊያው ላይ አስደግፎ በከባድ ማርሽ መግፋት የጉልበትን መገጣጠሚያ ለጉዳት ይዳርጋል፤ ብርቱ ወጣቶች በዚህ ሲጎዱ ማየት ያሳዝነኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንደምንኖርም አይርሱ፤ ትንፋሽዎ ሲያጥር ቆመው ይረፉ።

ቁልቁለቱን በተመለከተ፣ ነፋሱ እምብዛም ስለማያግደው ፍጥነቱ ሳይታወቅ ይጨምራል። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ከተያዘ ቸርኬው ግሎ ካላማዳሪው ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ይውረዱ፤ ከተቻለም የዲስክ ወይም የከበሮ ፍሬን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ፔዳሉ ከመቀመጫው ምን ያህል መራቅ አለበት?

መልስ፦ ዳሌዎን ከመደገፊያው ጋር አጣብቀው ይቀመጡና ፔዳሉ በጣም በራቀበት ቦታ ላይ ተረከዝዎን ያሳርፉ። እግርዎ ቀጥ ካለ ልኩ ያ ነው፤ በእግር ፊት ሲረግጡ ጉልበትዎ በመጠኑ ይታጠፋል። ፔዳሉን የያዘው የፊት ቱቦ ሲረዝም ካቴናውም መርዘም እንዳለበት ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ እህቴ ባለ ሁለት ጎማውን ልትለማመድ ትፈልጋለች። የመጀመሪያው ቀን እንዴት ይሁን?

መልስ፦ በጠዋት፣ መኪና በሌለበት፣ እምብዛም በማይታይ ቁልቁለት ላይ ትጀምር። በመጀመሪያ ሳትረግጥ፣ እግሯን ከመሬት ብዙም ሳታርቅ ትንሸራተት። ቀጥሎ ቀለል ባለ ማርሽ አንዱን ፔዳል ከፍ አድርጋ በአንድ ጠንካራ ርግጫ ትነሣ። አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው ትከሻውን አንሥቶ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ስለሚይዝ ነው፤ ጀርባዋን ለመቀመጫው ትተውለት፣ ዓይኗንም ወደ ሩቅ ትጣል። ከመቆሟ በፊት ወደ ቀላል ማርሽ መመለስን ከመጀመሪያው ቀን ትልመድ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ዝቅ ብዬ መኪናው ያየኛል?

መልስ፦ ካልታገዙ ላያይዎት ይችላል። አንድ ቀን ከሩቅ እንድታይ ብስክሌቱ ላይ የምተክለውን ባንዲራ ቤት ትቼ ወጥቼ፣ ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና ለጥቂት ሳተኝ፤ ሾፌሩ ደንግጦ ሲወርድ ከመስኮቱ በታች ስለነበርኩ ጨርሶ እንዳላየኝ ነገረኝ፤ አመንኩት። ከዚያ ወዲህ ረጅም ባንዲራ፣ በግራና በቀኝ ስፖኪዮ፣ ቀንም የሚበራ የኋላ መብራት ሳይኖር አልወጣም። ወደ ቀኝ በሚታጠፍ የጭነት መኪና ቀኝ ጎን ፈጽሞ አይግቡ።

ጥያቄ፦ መለዋወጫው እዚህ ይገኛል?

መልስ፦ አብዛኛው የተራ ብስክሌት ዕቃ ነው። ትንሹን ጎማ ሲመርጡ ጎኑ ላይ 406 የሚል ቁጥር ይፈልጉ፤ 451 ከሚለው በተለየ፣ ይህ ልክ በብዙ የልጆች ባለ 20 ኢንች ብስክሌት ላይ ስላለ ማንኛውም ጎሚስታ ያውቀዋል። ካቴናው ከተራው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ስለሚረዝም፣ አንድ ዓይነት ካቴናዎችን ገዝቶ መቀጠል ነው።

ጥያቄ፦ ገላን የብየዳ ቤት አለኝ። ራሴ ብሠራው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ደስ አሰኝቶኛል። ቴላዮውን ከቱቦላሬ መሥራት ለእርስዎ ከባድ አይሆንም፤ ነገር ግን የመሪውንና የፔዳሉን ኩሽኔታ የሚይዙትን ቱቦዎች አዲስ ከመሥራት ይልቅ ከአሮጌ ብስክሌት ቆርጠው ይጠቀሙ፤ ልካቸው ትክክል ስለሆነ። ሁለቱን ጎማዎች በአንድ መስመር አስተካክለው፣ በነጥብ በነጥብ ይዘው፣ በክር ከለኩ በኋላ ብቻ ሙሉውን ይበይዱ። የጠመመ ቴላዮ በቁልቁለት ላይ አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ በውድድር ላይ ለምን አናየውም?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1933 ፍራንሲስ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ፣ ሻርል ሞሼ በሠራው የጋደም ብስክሌት በፓሪስ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ነድቶ የቀደመውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ1934 ይህን ዓይነቱን ከውድድሩ አስወጣ። የታገደው ደካማ ሆኖ አይደለም።

ጥያቄ፦ በክረምትስ?

መልስ፦ አስፋልቱን አይልቀቁ። መረሬ አፈር በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ያስቆማል፤ ፓራፋንጎውን ማውለቅም የፊት ጎማው ጭቃውን ፊትዎ ላይ እንዲረጭ ያደርጋል። ወደ ቤትዎ የሚወስደው የመጨረሻው መንገድ ጭቃ ከሆነ፣ እዚያ ሲደርሱ ወርደው ይግፉ፤ በማግስቱም ካቴናውን ጠርገው ዘይት ይቀቡት።