በነፃ የመጣ ተጫዋች ለአርሰናል ይበጃል? ጥያቄና መልስ

የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር በእኛ በአርሰናል ደጋፊዎች መካከል ይህ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ኮንትራቱን ጨርሶ ያለ ዝውውር ክፍያ የሚመጣ ተጫዋች እያለ ለምን ገንዘብ እናፈሳለን?» ይላል። ሌላው «ክለቡ የለቀቀው ተጫዋች ለእኛ ምን ይሠራል?» ይላል። የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በነፃ ከመጡልን ሁሉ ምርጡ ማነው?

ሶል ካምቤል። ሁለተኛውን ለመምረጥ እንከራከር እንጂ በአንደኛው ላይ ክርክር የለም። በ2001 ክረምት ጋዜጠኞች ወደ አርሰናል ልምምድ ማዕከል የሄዱት አዲሱን በረኛ ሪቻርድ ራይትን እናያለን ብለው ነበር። ከፊታቸው ብቅ ያለው ግን የባላንጣችን የቶተንሃም አምበል ካምቤል ሆነ! ዕድሜው 26 ነበር፤ ጉልበትም ልምድም ያለበት ዕድሜ። እኛ ደግሞ ቶኒ አዳምስ ጫማውን ሊሰቅል አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ስለነበር የመሀል ተከላካይ አጥብቀን እንፈልግ ነበር። ካምቤል በመጀመሪያው ዓመት ሊጉንና ኤፍኤ ካፕን አነሳ። በ2004 ያለ ሽንፈት ሊጉን በበላው ቡድን ውስጥም ነበር። በ2006 ፓሪስ ላይ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ባርሴሎና ላይ በግንባሩ ያገባትን ጎል ማን ይረሳል? ቶተንሃም ከዝውውሩ አምስት ሳንቲም አላገኘም። ደጋፊዎቹ እስከ ዛሬ ቢቆጩ አይፈረድባቸውም።

ጥያቄ፦ ዊሊያንም እኮ በነፃ ነው የመጣው። እሱ ለምን ከሸፈ?

ይሄኛው አሁንም ያንገበግበኛል። በ2020 ሲመጣ 32 ዓመቱ ነበር። ቼልሲ ሁለት ዓመት ሰጠው፣ እሱ ሦስት ፈለገ። እኛ ሦስቱን ሰጠነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ፉልሃምን ሜዳው ላይ 3 ለ 0 ስናሸንፍ ጎል የሚሆኑ ኳሶችን አቀበለ፤ ሁላችንም ተደሰትን። ከዚያ በኋላ ግን ኳስ በደረሰው ቁጥር ቆም ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ሆነ ሥራው። በሊጉ ያገባው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሱም ግንቦት ላይ ዌስት ብሮም ላይ። ዓመት ሳይደፍን እንደሄደ ነው የምቆጥረው፤ በነሐሴ 2021 ሁለት ዓመት የቀረው ኮንትራት በስምምነት ተቀደደና ወደ ኮሪንቲያንስ ተመለሰ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። እሱ የያዘው ቦታ የአካዳሚያችን ልጆች የሳካና የስሚዝ ሮው ነበር። በ2020 የፈረንጆች ገና ማግስት ዊሊያን ሳይኖር ልጆቹ ገቡና ቼልሲን 3 ለ 1 ረታን። የውድድር ዓመቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀየረ። ልጆቹ ቀደም ብለው ቢገቡ ኖሮ እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው ክረምት ቼልሲ ቲያጎ ሲልቫን በነፃ አመጣ። 36 ዓመት ሊደፍን ጥቂት ቀርቶት ነበር። የሰጡት ግን የአንድ ዓመት ኮንትራት ነው፤ ከወደዱት ሊያራዝሙት ይችላሉ። በዓመቱ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሳ። ስለዚህ ዕድሜው ብቻውን ችግር አይደለም። ችግሩ የኮንትራቱ ርዝመት ነው።

ጥያቄ፦ የዝውውር ክፍያ ከሌለ ክለቡ ምን ይከስራል?

ለሻጩ ክለብ የሚሄደው ብር ወደ ተጫዋቹና ወደ ወኪሉ ይዞራል። የፊርማ ክፍያው ይጨምራል፣ ደሞዙም ይከብዳል። አንዱ ብዙ ሲያገኝ የመልበሻ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ ቀጥሎ ኮንትራት የሚያድሰው በዚያ ልክ ይጠይቃል። በደንብ ከተመረጠ ግን ትርፉ ትልቅ ነው። ዩቬንቱስ ፖግባን በ2012 ከዩናይትድ በነፃ ወስዶ በ2016 ለዚያው ዩናይትድ በ89 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጦታል።

ጥያቄ፦ ወጣትም በነፃ መሄድ ይችላል?

በእንግሊዝ ከ24 ዓመት በታች ከሆነና ክለቡ አዲስ ኮንትራት አቅርቦለት ከነበረ፣ ወሳጁ የእንግሊዝ ክለብ ካሳ ይከፍላል። ዳኒ ኢንግስ በ2015 ከበርንሊ ወደ ሊቨርፑል ሲሄድ ካሳውን የቆረጠው ክለቦቹ ሳይሆኑ ገላጋይ ሸንጎ ነው።

ጥያቄ፦ እኛስ በነፃ ያጣናቸው?

ብዙ ናቸው። ፍላሚኒ በ2008 ምርጥ ዓመቱን ተጫውቶ ወደ ሚላን፤ ሳኛ በ2014 ወደ ሲቲ። እኔን የሚያመኝ ግን ራምሴ ነው። ሁለት የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜዎችን በጎሉ ያሸነፈልን ልጅ በ2019 ያለ አንዳች ክፍያ ወደ ዩቬንቱስ ሄደ። ኮንትራቱን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ክፍያ እንዲሄድ የፈቀደው የአውሮፓ ፍርድ ቤት የቦስማን ውሳኔ በ1995 ከወጣ ወዲህ፣ ኮንትራቱ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከውጭ ክለብ ጋር አስቀድሞ መፈራረም እንደሚችል የማያውቅ ክለብ የለም። ስለዚህ የሚያልቅበት ቀን እስኪደርስ መጠበቅ ምንም ሰበብ የለውም። ሳካንና ሳሊባን በ2023 ቀድመው ማስፈረማቸው ከየትኛውም ግዢ በላይ ያስደሰተኝ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ በነፃ አስፈርም ብትባል ምን ዓይነት ተጫዋች ትመርጣለህ?

ተቀይሮ መግባትን የማይጠላ፣ ሁለት ቦታ የሚጫወት፣ ትልቅ ጨዋታ ያየ ተከላካይ። ኮንትራቱ አንድ ዓመት፣ ማራዘሙ በክለቡ እጅ። ሦስት ዓመት ካልሆነ አልመጣም ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት፤ ቦታውን ለአካዳሚ ልጅ እሰጠዋለሁ።