የበገናው ካሴት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀማሪ የድምፅ ባለሙያ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የሚክሰሩን ኤክስኤልአር ወደ አርሲኤ ልቀይር ነው። ቁጥር 3 ፒንን ከቁጥር 1 ጋር ብበይደው ችግር አለው?» ኤክስኤልአር ባለ ሦስት ፒን የድምፅ መሰኪያ ነው፤ ቁጥር 1 ግራውንዱ፣ 2 እና 3 ድምፁ። አርሲኤ ደግሞ መሃሉ ላይ አንድ ፒን፣ ዙሪያውን ቀለበት ያለው ነው። ቶሎ መመለስ አቃተኝ።

ከ30 ዓመት በፊት እኔም በይጄዋለሁ። ሁዳዴ ነበር። አንድ አዛውንት በገና ደርዳሪ ልቀርፅ ቤታቸው ሄድኩ። ሚክሰሩን ሳሎን ሰካሁት፤ ቴፑን በኤክስቴንሽን ከጓዳ፤ ሁለቱን ያገናኘሁት በዚያ በበየድኩት ገመድ ነው። በሄድፎኑ «እዝዝ» የሚል ነገር ይሰማኛል። እንዚራው መሰለኝ፤ ጅማቱ ቆዳዋን ሲነካ የሚያወጣው ድምፅ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ሰዓት ያህል ደረደሩ። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ማንም አልተነሳም።

ማታ ቤቴ ካሴቱን ከፈትኩ። በሁለት መዝሙር መሃል እጃቸውን አንስተው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እዝታው አላቆመም። የኤሌክትሪኩ ነበር። የኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ንዝረት)፣ ከዚያ እጥፉ 100፣ ከዚያ 150። በገናም ያለው እዚያው ታች ነው፤ አንዱን ስቀንስ ሌላው አብሮ ሄደ። እንደገና እንቀርፃለን ተባባልን። እሳቸው ከፋሲካ በኋላ በገና አያነሱም። ለቀጣዩ ሁዳዴ አልደረሱም።

ባላንስድ በሚባለው የኤክስኤልአር ገመድ ላይ ፒን 2 እና 3 አንድ ድምፅ ይይዛሉ፣ አንዱ ተገልብጦ። መንገድ ላይ የሚገባው ጩኸት ግን ሁለቱም ላይ እኩል ነው። ተቀባዩ ልዩነታቸውን ሲወስድ ጩኸቱ ይጠፋል። አርሲኤ ይህ የለውም። የሳሎኑና የጓዳው ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መነሻው) እኩል ስላልነበረ በሺልዱ፣ ማለትም የድምፁን ሽቦ በሚሸፍነው የውጪ ሽቦ፣ ከረንት ሄደ፤ እሱም በቀጥታ ድምፁ ውስጥ ገባ።

ስለዚህ ልጄ፣ የሚክሰርሽ መውጫ ትራንስፎርመር ከሆነ በይጂው። ፒን 3ን የራሱ ቺፕ የሚነዳው ከሆነ ግን ክፍት ተይው፤ ከግራውንድ ጋር ካገናኘሽው ቺፑ ይግላል፣ ድምፁም ይበላሻል። ክፍት ስትተይው ድምፁ 6 ዲቢ (ዴሲቤል) ይቀንስብሻል፤ ጌይኑን፣ ማጉያውን፣ ጨምሪ። ለእዝታው መፍትሔው መሃል ላይ የሚገባ 1 ለ 1 የድምፅ ትራንስፎርመር ነው፤ ሁለቱን ዕቃዎች በሽቦ ሳያገናኝ ድምፁን ብቻ ያሳልፋል። ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ የምል ሰው ነኝ፤ ይህንን ግን ግዢ። የመብራት ገመዱን ኧርዝ (የመሬት ሽቦውን) ቆርጠው ዝም የሚያሰኙ አሉ፤ ሰው ይገድላል።

ከአርሲኤ ወደ ባላንስድ መግቢያ ይቀላል። ባለ ሁለት ሽቦ ሺልድ ገመድ ውሰጂ፣ ፒን 3ን ከአርሲኤው ውጪኛ ቀለበት ጋር አገናኚ፤ ሺልዱን እዚያው ቀለበት ላይና በወዲያ በኩል ፒን 1 ላይ። የሁለቱን ልዩነት መውሰዱን መግቢያው ራሱ ይሠራዋል።

«በሶፍትዌር ይጸዳል» ትላላችሁ። እጃችሁ ከእኛ ይፈጥናል፣ ደስ ይለኛል። ግን ቀረጻ ሳይጀመር ሄድፎን አድርጎ ባዶውን ክፍል የሚያዳምጥ ወጣት ብዙ አላየሁም።

ቅዳሜ ትመጣለች። ካሴቱን አሰማታለሁ፤ አባባ ጉሮሯቸውን ከጠረጉበት ቦታ ጀምሬ።