ጀነሬተር ነዝሮኝ ተሰበርኩ፣ ፎርማኑ ግን «ጫማ አላደረግህም» ይለኛል

ከደብረ ብርሃን የጻፍክልን ወንድማችን፣ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። መብራት ሲጠፋ የኮንክሪት ማቡኪያውን (ሚክሰሩን) በጀነሬተር ታሠራላችሁ። ዝናብ ጥሎ ሳለ ሚክሰሩን ስትነካ ነዘረህ፣ ወድቀህም ክንድህ ተሰበረ። ፎርማኑ «ቦት አላደረግህም፣ ደሞ ውል የለህም» ብሎ ሸኘህ።

በውሉ አትጨነቅ። የቃል ውልም ውል ነው፤ ወረቀት ባለመስጠቱ አንተ መብት አታጣም። የሚያከራክረው ቦቱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው። የሚያመልጠው ሆን ብለህ ራስህን ከጎዳህ፣ ሰክረህ ከመጣህ ወይም በግልጽ የተነገረህን የደህንነት መመሪያ ከጣስህ ነው። ቦት ሰጥቶህ «አድርግ» ሲልህ እምቢ ብለህ ከሆነ ክርክር አለው። ሳይሰጡ «ለምን አላደረግህም» ግን ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው? የደህንነት መከላከያ ዕቃ ማቅረብ በአንቀጽ 92 የአሠሪው ግዴታ ነው።

ደግሞ ዋናው ጉድለት ያለው ገመዱ ላይ ነው። ኤክስቴንሽኑ ሁለት ሽቦ ብቻ እንዳለው ጽፈሃል፤ ያመለጠ ከረንትን የሚመልሰው የግራውንዱ (የአርዙ) ሽቦ የለም ማለት ነው። ፌዙ (ከረንት የሚያመጣው ሽቦ) ተልጦ የሚክሰሩን ብረት ሲነካ ከረንቱ በ220 ቮልት ግፊት በአንተና በእርጥቡ መሬት አልፎ ወደ ጀነሬተሩ ይመለሳል። ፎርማኑ ሚክሰሩ አጠገብ ፌሮ ቀብሮ «አርዝ አለው» ማለቱም አያዋጣውም፤ የአፈሩ ሬዚስታንስ (ከረንትን የሚያግድበት መጠን) 50 ኦም ቢሆን የሚያልፈው ከረንት ከ4.4 አምፔር አይበልጥም፣ ከረንት ሲበዛ የሚቆርጠው ባለ 16 አምፔር ብሬከር ደግሞ በዚህ አይወርድም። የሚያስፈልገው ከሚክሰሩ ብረት እስከ ጀነሬተሩ አካል የሚመለስ ሦስተኛ ሽቦ፣ ከአካሉ ጋር የታሰረ ኒውትራል (የከረንቱ መመለሻ ሽቦ)፣ በዚያ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ከረንት ሲያመልጥ የሚቆርጥ መከላከያ ነው።

ክፍያውን በተመለከተ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። መሥራት ባትችል ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝህን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶውን፣ ከዚያ ለ6 ወራት ቢያንስ ግማሹን ታገኛለህ። ክንድህ ላይ ቋሚ ጉዳት ከቀረ ካሳው ለብቻው ይሰላል።

እዚያው የቀሩት ጓደኞችህ የገመዱን አደገኛነት ለአሠሪው በጽሑፍ ያሳውቁ። አውቆ ዝም ካለ በአንቀጽ 32 ያለማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ይችላሉ። አንተ የሐኪም ማስረጃህን ያዝ፣ አብረውህ የነበሩትን ስም ጻፍ፣ የገመዱንም ፎቶ ዛሬውኑ አስነሳ፤ ነገ ቀይረውት «ድሮም ሦስት ሽቦ ነበረው» ሊሉህ ይችላሉ።